ዦዜፍ ፉርዬ፤ ከጋለ ብረት ቀለበት እስከ አጭሩ የብርሃን ምት

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ 705 ሄክታር በሚሸፍነው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ውስጥ ማለዳ የፀሐይ ብርሃን በሐበሻ ጽድ ላይ ሲያርፍ፣ ለተመልካች ዓይን የሚፈጸም ነገር ያለ አይመስልም። ዛፉ ጸጥ ብሎ ይታያል። በአረንጓዴው ቅጠል ውስጥ ግን እያንዳንዱ የብርሃን ቅንጣት በክሎሮፊል እንደተያዘ ጉልበቱ ከአንዱ ሞለኪዩል ወደ ሌላው በቅብብሎሽ ይጓዛል። የዚህ ቅብብሎሽ አንዱ እርምጃ ከአንድ ፒኮሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰከንድ ለአንድ ሚሊዮን ሚሊዮን ተከፍሎ ከሚገኘው ጊዜ፣ ባነሰ ቅጽበት ሊፈጸም ይችላል። የዛፉ እንጨት፣ የግጦሹ ሣር፣ የገበሬው እህል ሁሉ መነሻው ይኸው ቅጽበት ነው።

ይህን ያህል ፈጣን ነገር ለማየት የሰው ልጅ ከዚያ የበለጠ አጭር የብርሃን ብልጭታ መሥራት ነበረበት። ብልጭታውን የሚያወጣው መሣሪያ ሞዶቹ የተቆላለፉበት ሌዘር ይባላል። የመሣሪያው ሒሳባዊ መሠረት ግን የመጀመሪያው ሌዘር ከመሠራቱ ከ150 ዓመታት በላይ አስቀድሞ የተጣለ ነው። መሠረቱን የጣለውም ስለ ብርሃን ሳይሆን ስለ ጋለ ብረት ያስብ የነበረ፣ ቀን ቀን መንገድ ሲያስጠርግና ረግረግ ሲያደርቅ የሚውል የመንግሥት ሹም ነበር። ስሙ ዣን ባቲስት ዦዜፍ ፉርዬ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የልብስ ሰፊው ልጅ

ፉርዬ ማርች 21 ቀን 1768 በፈረንሳይ አገር ኦሴር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ሲሆን ቤቱ በልጆች የተሞላ ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተች፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ተከተላት። ልጁ ወላጅ አልባ ሆኖ ቢቀርም ብሩህ አእምሮውን ያስተዋሉ የከተማው ሰዎች አልጣሉትም። በ1780 የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት ወደሚያስተዳድሩት የኦሴር ወታደራዊ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም በ14 ዓመቱ በዘመኑ የታወቀውን የቤዙን ባለ 6 ቅጽ የሒሳብ መጽሐፍ ጨረሰ። ቀን የማይበቃው ሆኖ፣ የሻማ ቁራጮችን እየለቃቀመ ሌሊት ጓደኞቹ ሲተኙ ያጠና እንደነበር ይነገራል።

ምኞቱ የመድፈኛ ጦር መኮንን መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ያ ማዕረግ የመኳንንት ልጅ ላልሆነ ሰው የተዘጋ ስለነበረ ዕውቀቱ ብቻውን በሩን ሊከፍትለት አልቻለም። በዚህ የተነሣ በ1787 በሎዋር ወንዝ አጠገብ ወደሚገኝ ገዳም በተማሪ መነኩሴነት ገባ። ነገር ግን አብዮቱ በፈነዳበት በ1789 ዓመት ምንኩስናውን ሳይቀበል ወጥቶ በተማረበት ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ።

አብዮቱ ለሹማምንት ልጆች ብቻ የነበረውን በር ስለከፈተ ፉርዬ በደስታ ተቀበለው። በ1793 የከተማው የአብዮት ኮሚቴ አባል ሆነ። ሆኖም የሽብሩ ዘመን እየከፋ ሲሄድ ፍርድ ለተጓደለባቸው ሰዎች በመሟገቱ እሱ ራሱ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር፤ በ1794 ክረምትም ታሰረ። በዚያ ወራት ከእስር ቤት ወደ ጊዮቲን የሚወስደው መንገድ አጭር ነበር። ፉርዬን ያተረፈው በጁላይ መጨረሻ የሮቤስፒዬር መውደቅ ነው።

በሚከተለው ዓመት በፓሪስ መምህራንን ለማሠልጠን አዲስ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲከፈት ፉርዬ ከተመረጡት ተማሪዎች አንዱ ሆነ። መምህራኑም የዘመኑ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ላግራንዥ፣ ላፕላስና ሞንዥ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ መሐንዲሶች በሚሠለጥኑበት በፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ተደረገ፤ በ1797 ደግሞ የላግራንዥን ወንበር ወረሰ። ያስተማረው ሊቅ ከ10 ዓመት በኋላ ብርቱ ተቃዋሚው ይሆናል ብሎ በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ከዓባይ ዳር እስከ ግሬኖብል

በ1798 ናፖሊዮን ወደ ግብፅ ሲዘምት ከሠራዊቱ ጋር የሊቃውንትና የመሐንዲሶች ጓድ አስከትሎ ነበር። ፉርዬም አንዱ ነበር። በካይሮ የተቋቋመው የግብፅ ጥናት ተቋም ጸሐፊ ሆኖ፣ ከኢትዮጵያ ተራሮች በሚወርደው ውሃ በሚለመልመው ሸለቆ ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል አሳለፈ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የፈረንሳይን መርከቦች በማውደሙ ጓዱ ከአገሩ ተቆራርጦ ነበር። በዚህ መካከል ፉርዬ የአስተዳደር፣ የዳኝነትና የድርድር ሥራ ሁሉ እየተጫነበት የጥንት ሐውልቶችን የሚመረምሩትን ባልደረቦቹን ሥራ ያስተባብር ነበር። የግብፅ በረሃ ሙቀት በሰውነቱ ውስጥ እንደቀረ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ ብርድ የሚፈራ፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ ልብስ ደራርቦ የሚቀመጥ ሰው ሆኖ ኖረ።

በ1801 ወደ ፈረንሳይ ሲመለስ ሐሳቡ ወደ ማስተማር ሥራው ለመግባት ነበር። ናፖሊዮን ግን የአስተዳደር ችሎታውን አይቶ ስለነበረ በ1802 ዋና ከተማው ግሬኖብል ለሆነው የኢዜር አውራጃ አገረ ገዥ አድርጎ ሾመው። እምቢ ለማለት የሚያስችል ሹመት አልነበረም። ከፓሪስ ሊቃውንት ርቆ በተራራማው አገር 13 ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ቆየ።

ሹመቱን ግን ለስም ብቻ አልያዘውም። በቡር጗ን አካባቢ የነበረው ሰፊ ረግረግ የወባ መራቢያ ሆኖ የሕዝቡን ጤና ሲጎዳ ኖሯል። ለማድረቅ የታሰበው ሐሳብ ግን ለረጅም ዘመን ከዳር አልደረሰም፤ ምክንያቱም መሬቱ የብዙ መንደሮች የጋራ ንብረት ስለነበረ ሁሉም መስማማት ነበረባቸው። ፉርዬ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ፣ ሽማግሌዎችን እያነጋገረ፣ ሁሉንም በትዕግሥት አስማማ፤ ረግረጉም ደረቀ። ከግሬኖብል ወደ ኢጣልያ ቱሪን የሚወስደውንም አዲስ የተራራ መንገድ ያስጀመረው እሱ ነው። ከዚህ ሌላ ግብፅን በሚመለከት በመንግሥት ለታተመው ታላቅ መጽሐፍ ታሪካዊውን መቅድም ጻፈ። በዚሁ ሥራ ምክንያት የተዋወቀውንና በወጣትነቱ ግዕዝን ጨምሮ አያሌ የምሥራቅ ቋንቋዎችን ያጠናውን ሻምፖሊዮንን አበረታታ። ይህ ወጣት በ1822 የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት ምሥጢር የፈታው ሊቅ ነው።

የብረቱ ቀለበት

እንግዲህ ፉርዬ ስሙን ዘለዓለማዊ ያደረገለትን ጥናት ያካሄደው በዚህ ሁሉ የመንግሥት ሥራ መካከል ነው። የመረጠው ጥያቄ ሲታይ ቀላል ነበር፤ ይኸውም ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ እንዴት ይተላለፋል የሚል ነው። ለሙከራው ከተጠቀመባቸው ነገሮች አንዱ የብረት ቀለበት ነበር። በቀለበቱ ላይ ለሙቀት መለኪያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች ተበሱ። ከዚያም አንድ ወገኑ በእሳት ከጋለ በኋላ ሙቀቱ ከጋለው ወደ ቀዝቃዛው ወገን እየተሰራጨ ሲሄድ በየጊዜው ተለካ።

ከዚህ በመነሣት ፉርዬ የሙቀትን መሰራጨት የሚገልጽ እኩልታ አወጣ። የእኩልታው ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ ቦታ ከጎረቤቶቹ አማካይ ይበልጥ የሞቀ እንደሆነ ይቀዘቅዛል፤ ይበልጥ የቀዘቀዘ እንደሆነ ይሞቃል፤ ልዩነቱ የሰፋ እንደሆነ ለውጡ ይፈጥናል የሚል ነው። ከባዱ ነገር እኩልታውን መፍታት ነበር። ፉርዬ በቀለበቱ ዙሪያ ያለው የሙቀት ቅርጽ ምንም ዓይነት ይሁን ምን የሳይን ሞገዶች ድምር አድርጎ ሊጽፈው እንደሚቻል አሰበ። የመጀመሪያው ሞገድ ቀለበቱን በሙሉ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሁለተኛው በዙሪያው ሁለት ጊዜ ይወጣል ይወርዳል፤ ሦስተኛው ሦስት ጊዜ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሞገድ ሌላውን ሳይነካ በራሱ ፍጥነት ይከስማል፤ ሁለተኛው ከአንደኛው 4 ጊዜ፣ ሦስተኛው 9 ጊዜ፣ አሥረኛው 100 ጊዜ ፈጥኖ ይጠፋል። በመሆኑም በቀለበቱ ላይ ያለ ሹል የሙቀት ጫፍ ቶሎ ይዶለዱማል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ለስላሳው የመጀመሪያ ሞገድ ብቻ ሲሆን እሱም ቀስ ብሎ ይሞታል።

ዲሴምበር 21 ቀን 1807 ጥናቱ በፓሪስ ለሊቃውንቱ ጉባኤ ቀረበ። መርማሪ ሆነው የተመደቡት ላግራንዥ፣ ላፕላስ፣ ሞንዥና ላክሯ ነበሩ። ላግራንዥ አልተቀበለውም። እያንዳንዳቸው ለስላሳ የሆኑ ሞገዶች ተደምረው ድንገት የሚሰበር ወይም የሚዘል መስመር እንዴት ሊሰጡ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ ለእሱ አዲስ አልነበረም፤ በወጣትነቱ ስለ ክር ንዝረት በተነሣው ክርክር ውስጥ የተሟገተበት ነገር ነበር። ፉርዬ ግን ሒሳቡን በተግባር ያሳይ ነበር። ጎደሎ ቁጥር ያላቸውን ሞገዶች ብቻ ወስዶ፣ ሦስተኛውን በሲሶ፣ አምስተኛውን በአንድ አምስተኛ ቀንሶ፣ አንዴ እየደመረ አንዴ እየቀነሰ ሲቀጥል፣ ድምሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄድና ድንገት ምልክቱን ይለውጣል። ያም ሆኖ ጽሑፉ ሳይታተም ቀረ።

በ1811 ጉባኤው ይህንኑ ጉዳይ የሽልማት ውድድር አደረገው። ፉርዬ ጥናቱን አስፋፍቶ አቀረበ፤ ሽልማቱም ተሰጠው። ነገር ግን ዳኞቹ የማስረጃው አካሄድ ጥብቅነት እንደሚጎድለው በሪፖርታቸው ስላመለከቱ አሁንም ኅትመቱ ቀረ። ለፍትሕ ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ። ነቀፌታው ፉርዬን እጅግ ቢያሳዝነውም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። ድምሩ በየትኛው ሁኔታ በእርግጥ ወደ ተፈለገው ቅርጽ እንደሚደርስ የተሟላ ማስረጃ የሰጠው በ1829 ወጣቱ ዲሪክሌ ነው። ፉርዬ በውጤቱ ትክክል ነበር፤ መርማሪዎቹም በጥያቄያቸው ትክክል ነበሩ። ጉዳቱ የደረሰው በጥያቄው ምክንያት ሳይሆን መልሱ እስኪገኝ ድረስ ሥራው በመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ በመኖሩ ነው።

ውድቀትና ክብር

በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት አምልጦ ወደ ፓሪስ ሲገሠግሥ መንገዱ በግሬኖብል በኩል ነበር። ፉርዬ በዚያን ጊዜ የንጉሡ ሹም ስለነበረ ከተማውን ለቆ ወጣ። ናፖሊዮን ግን የጥንት ባልደረባውን አልቀጣውም፤ ይልቁንም የሊዮን አውራጃ አገረ ገዥ አደረገው። ፉርዬ የተሰጠው ጥብቅ ትእዛዝ ከኅሊናው ጋር ስላልተስማማ ከሹመቱ ለመውጣት ጊዜ አልወሰደበትም። በዚህም በሁለቱም ወገን የማይታመን ሆኖ ያለ ሥራና ያለ ጡረታ ፓሪስ ውስጥ ቀረ። ከችግሩ ያወጣው የቀድሞ ተማሪውና የፓሪስ አካባቢ አገረ ገዥ የነበረው ሻብሮል ነው፤ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ሰጠው። በ1816 የሳይንስ አካዴሚ አባል ሆኖ ቢመረጥም ንጉሡ አላጸደቀውም። በሚከተለው ዓመት እንደገና ሲመረጥ ግን ጸደቀ።

በ1822 ሁለት ነገሮች ባንድነት ሆኑለት። የአካዴሚው ቋሚ ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ፤ የሙቀት ጥናቱም በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ኅትመቱ 15 ዓመት መሆኑ ነው። በ1824 ደግሞ ስለ ምድር ሙቀት ባቀረበው ጥናት ከባቢ አየር የፀሐይን ብርሃን በቀላሉ አሳልፎ፣ ከምድር የሚመለሰውን ሙቀት ግን እንደ መስታወት ክዳን እንደሚያግድ አመለከተ። ዛሬ ስለ ዓለም አየር መሞቅ የሚደረገው ጥናት ከዚህ ይነሣል።

በጸሐፊነቱ ጊዜ ለወጣት ተመራማሪዎች በሩን የሚከፍት ሰው ነበር። ዲሪክሌን አበረታትቷል፤ ሴት በመሆኗ ምክንያት ብዙ በር የተዘጋባትን የሒሳብ ሊቅ ሶፊ ዠርሜንን ወደ አካዴሚው ስብሰባዎች እንድትገባ አድርጓል። ያም ሆኖ የእሱም ስም ከአንድ አሳዛኝ ነገር ጋር ተያይዞ ይኖራል። በ1830 ወጣቱ ኤቫሪስት ጋሏ ለሽልማት ያቀረበው የአልጀብራ ጥናት ለምርመራ ወደ ፉርዬ ተላከ። ፉርዬ በዚያው ዓመት ሜይ 16 ቀን ሞተ፤ ጽሑፉም ከወረቀቶቹ መካከል አልተገኘም። ጋሏ ከሁለት ዓመት በኋላ በ20 ዓመቱ በመሣሪያ ግጥሚያ ተገደለ። ሥራው 15 ዓመት ተቆልፎ የኖረበት ሰው እጅ የሌላ ወጣት ሥራ መጥፋቱ፣ የሰው ልጅ ጽሑፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲውል ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑን ያሳያል።

ከቀለበቱ ወደ ሌዘር

የፉርዬ ዘዴ ከሙቀት ጥናት ወጥቶ ወደ ምህንድስና ለመግባት ብዙ አልዘገየም። ኬልቪን መጽሐፉን ያነበበው በወጣትነቱ ነው፤ በኋላም በባሕር ሥር በተዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦ ውስጥ ምልክት የሚሰራጨው እንደ ሙቀት መሆኑን በዚሁ እኩልታ አሳየ። ዛሬ በኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ያለ የሞገድ ብክለት የሚለካበት፣ የራዲዮ ጣቢያ ከሌላው የሚለይበት፣ የድልድይ ንዝረት የሚመረመርበት መንገድ ሁሉ የእሱ ነው። ይሁን እንጂ ቀለበቱ ራሱ፣ ከነዙሪያውና ከነሞገዶቹ፣ እንደገና የተገለጠው በሌዘር ውስጥ ነው።

አይንሽታይን በ1917 ብርሃን ሌላ ብርሃን ቀስቅሶ ሊያበዛ እንደሚችል በሐሳብ አመለከተ፤ ማይማን በ1960 የመጀመሪያውን ሌዘር ሠራ። ሌዘር በመሠረቱ ፊት ለፊት የተተከሉ ሁለት መስተዋቶችና በመካከላቸው ብርሃንን የሚያጎላ ነገር ነው። በመስተዋቶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ነው እንበል። የደርሶ መልሱ መንገድ 3 ሜትር ስለሚሆን ብርሃን በ10 ናኖሰከንድ ይፈጽመዋል። ከዚህ ዑደት ጋር ልክ የሚገጥሙት ሞገዶች ብቻ ይበረታሉ፤ የማይገጥሙት ይጠፋሉ። የሚበረቱት ሞገዶች ሞዶች ይባላሉ፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው የድግግሞሽ ልዩነትም 100 ሜጋኸርትዝ ነው። ይህ እንግዲህ የፉርዬ ቀለበት ነው፤ ልዩነቱ የሚዞርበት ሙቀት ሳይሆን ብርሃን መሆኑ ነው።

ሞዶቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጊዜ ቢነሡ ከሌዘሩ የሚወጣው ብርሃን ያለ ሥርዓት የሚዋዥቅ ይሆናል። ነገሩን በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት መመሰል ይቻላል። ብዙ ደብተሮች በየእጃቸው ጸናጽል ይዘው፣ አንዱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ 100 ጊዜ፣ ሁለተኛው 101 ጊዜ፣ ሦስተኛው 102 ጊዜ እያሉ ይመታሉ እንበል። ሁሉም በፈለጉበት ሰዓት ቢጀምሩ የሚሰማው የማያቋርጥ ሽውታ ነው። ባንድ ቅጽበት ቢጀምሩ ግን ምታቸው ገጥሞ አንድ ብርቱ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ይለያያሉ፤ ዑደቱ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም እንደገና ይገጥማሉ። ሞዶችን ማቆላለፍ ማለት ይኸው ባንድ ቅጽበት ማስነሣት ነው።

የደብተሮቹ ቁጥር በበዛ መጠን የሚገጥሙበት ቅጽበት ያጥራል። ከላይ በተጠቀሰው ሌዘር ውስጥ 100,000 ሞዶች ቢቆላለፉ የ10 ናኖሰከንዱ ዑደት ለ100,000 ተከፍሎ ምቱ 100 ፌምቶሰከንድ ያህል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን የሚጓዘው 0.03 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከጠጉር ውፍረት ያነሰ ርቀት ነው። የሌዘሩ አማካይ ኃይል 1 ዋት ቢሆን እንኳ ጉልበቱ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ስለሚጠራቀም የምቱ ከፍተኛ ኃይል 100 ኪሎዋት ይደርሳል። ከዚህም አንድ የማይሻር ሕግ ይወጣል፤ አጭር ምት የሚፈልግ ሰው ብዙ ሞዶችን፣ ማለትም ሰፊ የቀለማት ክልልን መያዝ አለበት። አንድ ጥርት ያለ ቀለም ብቻ የሚሰጥ ሌዘር አጭር ምት ሊሰጥ ከቶ አይችልም።

ሞዶቹን ማን ያቆላልፋቸዋል? አንደኛው ዘዴ ከውጭ በሚመጣ ምልክት በየዑደቱ አንድ ጊዜ የሚከፈት በር በብርሃኑ መንገድ ላይ ማኖር ነው። በ1964 ሃርግሮቭ፣ ፎርክና ፖላክ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በሂልየምና ኒዮን ሌዘር ላይ ይህን ፈጸሙ። ሁለተኛው ዘዴ በሩን ምቱ ራሱ እንዲከፍተው ማድረግ ነው። ደካማ ብርሃን ሲያገኝ የሚመጥጥ፣ ብርቱ ብርሃን ሲመጣ ግን ጠግቦ የሚያሳልፍ ነገር በመንገዱ ላይ ይቀመጣል። ከብዙ ደካማ መዋዠቅ መካከል በአጋጣሚ በረታ ያለው አንዱ በትንሽ ኪሳራ ያልፋል፤ በየዑደቱ እየጎላ ሌሎቹን ያጠፋቸዋል። በ1991 በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ በታይታንየም ሰፋየር ሌዘር ላይ በታየው ዘዴ ደግሞ ብርቱው ምት በክሪስታሉ ውስጥ ሲያልፍ ራሱን እንደ ሌንስ ስለሚሰበስብ የተለየ በር እንኳ አላስፈለገም።

ይሁንና አጭር ምት ማስነሣት አንድ ነገር ሲሆን አጽንቶ ማቆየት ሌላ ነገር ነው። ምቱ ሁለት ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው የማጉያው ክልል ውስንነት ነው። ከመሐል የራቁት ሞዶች አነስተኛ ጉልበት ስለሚያገኙ በየዑደቱ ይደክማሉ፤ እነሱ ሲደክሙ የምቱ ሹል ጫፍ ይዶለዱማል፤ ምቱም ይሰፋል። ትውልዱ ከሉብሊያና የሆነውና በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተማረው ኸርማን ሃውስ በ1975 ይህን በሒሳብ ሲጽፈው የተገኘው ቃል የፉርዬ የሙቀት መሰራጨት ቃል ሆነ። በጋለው ቀለበት ላይ ሹሉን ጫፍ የሚያዶለዱመው ሕግ በሌዘሩ ውስጥም ምቱን ያሰፋዋል። በብረቱ ላይ ግን የሚከላከል የለም፤ በሌዘሩ ውስጥ የሚጠግበው በር በየዑደቱ የምቱን ጠርዝ ይከረክማል። የሚከረከመውና የሚሰፋው እኩል በሆኑበት ቦታ ምቱ ቅርጹን ይዞ ይኖራል። በተጨማሪም ከምቱ በፊትና በኋላ ባለው ጊዜ ኪሳራው ከማጉላቱ መብለጥ አለበት፤ አለዚያ በባዶው ጊዜ ጥቃቅን ብርሃን እየበቀለ ምቱን ያውከዋል።

ሁለተኛው ጠላት የቀለማት መለያየት ነው። በመስታወትና በክሪስታል ውስጥ ቀዩ ብርሃን ከሰማያዊው ፈጥኖ ስለሚያልፍ፣ ባንድነት የተነሡት ሞዶች ከጥቂት ዑደት በኋላ ይቀዳደማሉ። መድኃኒቱ የቀደመውን ማዘግየት ነው። በ1984 ፎርክና ባልደረቦቹ ባሳዩት ዘዴ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ፕሪዝሞች ቀዩን በረጅሙ መንገድ ይመሩታል፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ይህንኑ የሚፈጽሙ በብዙ ስስ ንጣፍ የተለበጡ መስተዋቶች ተሠርተዋል።

በዚህ መንገድ የተገኘው ብርሃን ዛሬ ዓይን በሚታከምበት የቀዶ ጥገና መሣሪያ ውስጥ አለ፤ ሰዓትን እጅግ በጠራ ሁኔታ ለመለካትም ያገለግላል። የኬሚካል ለውጥን በፌምቶሰከንድ ደረጃ ያሳየው አህመድ ዘዌይል በ1999 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። የተወለደውም ፉርዬ ሦስት ዓመት ባገለገለባት በግብፅ ነው። ቅጠል የሚመረመርበትም ብልሃት ይኸው ነው። አንደኛው ምት ክሎሮፊሉን ይቀሰቅሰዋል፤ ሁለተኛው ጥቂት ዘግይቶ ደርሶ የሆነውን ነገር ያነብባል። የሁለተኛው ምት መንገድ በ0.3 ሚሊ ሜትር ቢረዝም በ1 ፒኮሰከንድ ይዘገያል። በመሆኑም ሰዓት የማይደርስበትን ጊዜ ተመራማሪው መስተዋት በመግፋት ይለካዋል።

ፉርዬ በፓሪስ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ተቀብሯል፤ መቃብሩም በግብፃውያን ጌጥ የተሠራ ነው። በተወለደባት ከተማ የቆመለት የነሐስ ሐውልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረታ ብረቱ ሲባል ቀልጧል። ያደረቀው ረግረግ ግን የሚታረስ መሬት ሆኖ ቀርቷል፤ እኩልታውም በየላቦራቶሪው በየዕለቱ ይሠራበታል። ሁለቱን ሥራዎቹን ባንድ ዘመን፣ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሠራቸው። የጽሕፈት ቤት ጉዳይ በዛብኝ ብሎ ጥያቄውን አልተወም፤ ጥያቄ አለኝ ብሎም የመንደሮቹን ጉዳይ ችላ አላለም። ሊቃውንቱ ሲመልሱት ደግሞ ሥራውን አስተካክሎ እንደገና አቀረበ እንጂ አልቀደደውም። በጉለሌ ኮረብታ ላይ ባለ አንድ ጽድ ቅጠል ውስጥ በቅጽበት የሚፈጸመው ነገር ዛሬ ለሰው ዓይን ሊገለጥ የቻለው፣ ከብዙ ምክንያቶች መካከል፣ ያ ወረቀት ለ15 ዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ሳይጣል ስለኖረ ነው።